የእትዬ ቁመት

አክስቴ እህተ ማርያም አጭር ናት ብዬ አምኜ ነው ያደግኩት። አምኜ ብቻ ብቀመጥ ደግ ነበር፤ አውርቼዋለሁ። በሠርግ ቤት፣ በሰንበቴ፣ ፍኖተ ሰላም በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ሳይቀር፣ ልጆቹን ላስቅ ብዬ። እሷም ከሰማች አብራ ትስቃለች። «አዎ፣ ምን ላድርግ፣ አጠርሁ» ትልና ነጠላዋን ወደ አፏ ትሰበስባለች። ስትስቅ አፏን መሸፈን ልማዷ ስለሆነ፣ ከነጠላው ኋላ ምን እንዳለ ለማየት ሞክሬ አላውቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ቡሬ ዳር፣ በአያቴ በአቶ ታከለ ቤት ነው። አባቴ ስመኘው ዘምቶ አልተመለሰም። እናቴም መርዶው ከመጣ በኋላ ብዙ ሳትቆይ ታማ ሞተች። እኔ ገና ልጅ ስለነበርኩ ሐዘኑ የገባኝ በቁራጭ በቁራጭ ነው። ጠዋት ጠዋት ጸጉሬን የሚጎነጉነኝ እጅ ተለወጠ፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ የሚቀጥል መሰለኝ። የተተካው እጅ የእናቴ ታናሽ እህት የእህተ ማርያም እጅ ነው። እትዬ ነበር የምላት። ከመምህራን ማሰልጠኛ ተመርቃ እኔ በምማርበት ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። እቤት እትዬ ናት፤ ክፍል ውስጥ ግን መምህርት። ተሳስቼ ክፍል ውስጥ እትዬ ካልኳት እንዳልሰማች ሆና፣ ጠመኔ ባነጣው ጣቷ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገች፣ እስካስተካክል ትጠብቀኛለች።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሰፊ ሜዳ አለ። በጣሊያን ጊዜ አውሮፕላን ያርፍበት ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ «አውሮፕላን ሜዳ» ይባላል፤ እኔ ግን ከላምና ከአህያ በቀር ሲያርፍበት ያየሁት የለም። ዓርብ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እትዬ እዚያ ታወጣናለች። በመጽሐፋችን የሌለ ትምህርት ነው። ሰው እንዴት መብረር እንደጀመረ ትነግረናለች።

የመጀመሪያው ቀን የቄሱ ልጅ ናሁሰናይ እጁን አወጣ።

«መምህርት፣ መጀመሪያ የበረሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት አይደሉም ወይ? ስድስት ክንፍ አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ላይ አሉ።»

«ልክ ነህ» አለችው። «የጻድቁ ክንፍ ግን በጸሎት የበቀለ ነው። እኔ የምነግራችሁ በመርፌና በመጋዝ ስላበቀሉት ሰዎች ነው።»

ናሁሰናይ አሰበበትና ተቀበላት። ያኔ ሁላችንም ሣሩ ላይ ተጠግተን ተቀመጥን።

ፈረንሳይ አገር ወረቀት የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ አለችን። ጭስ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ጭስ የሞላው ከረጢትም ይወጣል ብለው አንድ ጎጆ የሚያህል ከረጢት ሰፉ። ግን እዚያ ላይ መተንፈስ ይቻል አይቻል የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ከሰው በፊት አንድ በግ፣ አንድ ዳክዬና አንድ አውራ ዶሮ በቅርጫት አድርገው ሰደዱ። ዳክዬ ምን እንደሆነች አናውቅም ነበር፤ የውሃ ዶሮ ናት አለችን። በግ ግን ሁላችንም ቤት አለ። በግ ደመና አጠገብ ደርሶ መመለሱን ስንሰማ ሁላችንም ቀና ብለን ደመናውን አየን።

«መምህርት፣ በጉ ሲመለስ ምን ሆነ?» አልኩ።

«ምን ይሆናል? ሣሩን ጋጠ።»

«እንግዲያ መጀመሪያ የበረረው በጉ ነዋ።»

«አይደለም» አለች፤ ፊቷም ከቀልድ ወጣ። «በጉ ጭነት ነው። መውጣትና መብረር ለየቅል ናቸው። የሚበረው መሪውን የያዘው ነው።»

ሌላ ዓርብ ደግሞ ከአርጩሜና ከጨርቅ ክንፍ ሠርቶ ከኮረብታ ላይ ራሱን ስለሚወረውር ጀርመናዊ ነገረችን፤ ሊሊየንታል ይባላል። ይወረውራል፣ ትንሽ ይንሳፈፋል፣ ይወርዳል፣ ክንፉን ተሸክሞ ተመልሶ ይወጣል። ቀጥሎ ስለ ራይት ወንድማማቾች ነገረችን። ሳይክል ጠጋኞች ነበሩ፤ ያ ደግሞ በጣም ደስ አለን፣ ምክንያቱም ቡሬ ገበያ ዳር ሳይክል የሚጠግን ሰው እናውቃለን፤ እሱም አንድ ቀን ይበር ይሆናል ብለን መንገድ ላይ ባገኘነው ቁጥር በአክብሮት ሰላም እንለው ጀመር።

«ምን ያህል ጊዜ በረሩ፣ መምህርት?»

«የመጀመሪያው ቀን ደቂቃ አይሞላም። አቡነ ዘበሰማያት ጀምራችሁ ‹ከማሁ በምድር› እስክትሉ ድረስ።»

ያን ጊዜ ጨዋታውን አወጣችልን። አንዱ እጁን ዘርግቶ ሜዳውን ይሮጣል፤ ሌሎቻችን በአንድ ድምፅ «አቡነ ዘበሰማያት ይትቀደስ ስምከ» እንላለን። «በከመ በሰማይ ከማሁ በምድር» ላይ ስንደርስ ሯጩ ሣሩ ላይ መውደቅ አለበት። የኔ ተራ ሲደርስ ልጆቹ ጸሎቱን እንደ ቆሎ ቆረጣጠሙት። ገና ሜዳው መሐል ሳልደርስ አወረዱኝ፤ ተነሥቼ አለቀስኩ።

ከሁሉም የምትወዳት ግን ቤሲ ኮልማንን ነው። የጥጥ ለቃሚ ልጅ፣ ጥቁር፣ ሴት። በአገሯ በረራ የሚያስተምራት ብታጣ ፈረንሳይኛ ተምራ፣ ባሕር ተሻግራ፣ አብራሪ ሆና ተመለሰች። እትዬ እሷን ስትነግረን ቀስ ብላ ነው የምታወራው፤ ቀና ብላ የምታየውም እኛን ሳይሆን ከሜዳው ወዲያ ያለውን ነው።

አሁን እኔም ይህንኑ ለተማሪዎቼ ስለማስተምር ከመጻሕፍት አመሳክሬዋለሁ። ሊሊየንታል አንድ ቀን ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ሞቷል። ቤሲም ከአውሮፕላን ላይ ወድቃ ነው የሞተችው፣ ገና በወጣትነቷ። እትዬ ይህን አልነገረችንም። ሁሉንም ገና አየር ላይ እያሉ ትተዋቸውና «በሉ ተነሡ፣ መሽቷል» ብላ ወደ ቤት ትመልሰናለች።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ያለው የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ተማሪ እንደሚቀበል በሬዲዮ ተነገረ። አንድ ቀን ከቦኖ ውሃ ይዤ ስመለስ አያቴ ምሰሶው ላይ በቢላ ሲቧጥጡ ደረስኩ። እትዬ ከምሰሶው ራቅ ብላ ጫማዋን እያጠለቀች ትስቃለች።

«ምንድን ነው አባባ?»

«የሚፈለገው ቁመት ነው። እዚህ ያልደረሰ አይበርም አሉ» አሉኝ።

ዘልዬ ልነካው ሞከርኩ። እንደገና ዘለልኩ። የምልክቱ ጫፍ ጋ እንኳ አልደረስኩም፤ እንዲህ ያለ ቁመት ያለው ሰው በቡሬ ይኖራል ብዬም አላመንኩም። እትዬ ስትለካ አላየሁም። ያየሁት ምልክቱን ብቻ ነው።

ባህር ዳር ሄዳ ተፈትና መጣች። ቆየት ብሎ ማለፏ ተሰማና ጎረቤቶች እልል አሉ፤ ለአያቴም «እንኳን ደስ ያለዎት» ይሏቸው ጀመር። እትዬ ልብሷን በእንጨት ሳጥን ከትታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። በሳጥኑ ላይ ተቀምጬ ፊቴን አኮሳተርኩባት።

«ምነው አኮረፍሽኝ?» አለችኝ።

«ትሄጃለሻ።»

«ተምሬ በዚህ በሜዳው ላይ አልፋለሁ። አንቺ እዚያ ቁመሽ እጅሽን አውለብልቢልኝ። ክንፉን ዘንበል አደርግልሻለሁ።»

«ሌላ ልጅ እኔን መስላሽ ለሷ ብታዘነብዪስ?»

«ልጄን እለያለሁ» አለች። «ልጄን» ያለችው ለቁልምጫ ነው፤ ያኔ ገና ለቁልምጫ ብቻ ነበር።

የአባቴ ወንድም ተስፋው ከሊበን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ረጅም፣ ጸጥ ያለ፣ አባቴን እየመሰለ የሚያስደነግጠኝ ሰው ነበር። ከፌስታል ውስጥ ጥልፍ ያለው ነጭ ቀሚስ አውጥቶ ሰጠኝ። እንደዚያ ያለ ልብስ ኖሮኝ አያውቅም። ወዲያው ለበስኩት፤ ጫፉን ረግጬ ተደናቀፍኩ።

«ረዘመብኝ» አልኩት።

«ታድጊበታለሽ» አለኝ።

እትዬ ጎንበስ ብላ ጥልፉን በጣቷ ዳሰሰችው። «ይህን ማን አስጠለፈው?» አለችው።

«እዚያው ያሉ ሰዎች ናቸው።»

ሌላ አልጠየቀችውም። ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። በማግስቱም ከዚያ ወዲያም ቤቱ ውስጥ «ሊበን» የሚለው ስም ተመላለሰ። «ሊበን ትሂድ»፣ «ሊበን ምን አላት»፣ «ያባቷ አገር ነው»። እኔ ደስ ብሎኛል። የሊበን ገበያ ትልቅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እትዬ አዲስ አበባ፣ እኔ ሊበን፤ ሁለታችንም መንገደኛ ነን ብዬ ኮራሁ። ቀሚሱን ያስጠለፉት ሰዎች የልጃቸውን ሙሽራ ልብስ አስቀድመው እንደላኩ፣ ያ ልጅም ከእኔ ብዙ እንደሚበልጥ የተረዳሁት አድጌ ነው። ተስፋው ክፉ ሰው አልነበረም። እናት አባት ለሌላት ለወንድሙ ልጅ ጎጆ አገኘሁላት ብሎ ነው የመጣ። ክፉ ቢሆን ኖሮ እሱን እምቢ ማለት ይቀል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ግቢያችን ተሰበሰቡ። የቤቱ የንስሐ አባት አባ ኪዳነ ማርያምም መስቀላቸውን ይዘው መጥተዋል። እኔ ውስጥ ሆኜ ቀሚሴን እያጣጠፍኩ ስለነበር የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው። ተስፋው «ለማን ትታት?» ሲል ሰማሁ። አያቴ ጮክ ብለው የተናገሩት አልገባኝም። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዝምታው ቀጥሎ እትዬ ገባች፤ ጓዳ ሄዳ ነጭ ማር በሸክላ ሳህን ይዛ ወጣች። ስታልፍ አላየችኝም። ወዲያው ተጠራሁ።

ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል። እትዬ መሬት ላይ ተንበርክካለች፤ አዲሱን ጫማዋን ተጫምታ ነበር። አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረችና ወደ አፌ አቀረበችው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ክትባት ሊወጉን ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ አስቀድመው ከረሜላ ያጎርሱን ነበር። ከረሜላው ሳይሟሟ መርፌው ይገባል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከቦኝ ማር ሲቀርብልኝ ቀጥሎ የሚያም ነገር እንዳለ ዐወቅሁ። የሚያመውም ነገር ከእትዬ መሄድ በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። ልታባብለኝ ነው፣ ማሩን ስልስ ልትሄድ ነው። ጣቷን ተቀበልኩና ነከስኳት።

አላወጣችውም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ጣቷ ግን አፌ ውስጥ ቆየ። የማሩ ጣፋጭነትና ሌላ የብረት ጣዕም ያለው ነገር አብሮ ወረደ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሣቀ። «ጡት ነካሽ እንዳትሆን ብቻ» አለ።

«ልጅ ናት፣ ተው» አሉት አባ ኪዳነ ማርያም። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረው ጥቂት ተናገሩ። ከንግግራቸው አእምሮዬ ውስጥ የቀረችው አንዲት ቃል ናት፦ «አትቆጥሪባትም»።

«አልቆጥርባትም፣ አባ» አለች፣ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ።

መስቀል አሳለሟት። ተስፋው ግንባሬን ሳመኝ፤ ቀሚሱን መልሶ ፌስታሉ ውስጥ ከተተና ሄደ። ስለ ቀሚሱ ያለቀስኩትን ለቅሶ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የእትዬ መሄጃ ደርሶ አለፈ። አንድ ጠዋት ስነቃ ሳጥኑ በሩ ጋ የለም፤ ልብሷ ግድግዳው ላይ ተመልሶ ተሰቅሏል። እሷም ጸጉሬን ልትጎነጉን ቁጭ ብላለች። አያቴን ጠየቅኋቸው።

«ስልክ ተደወለ» አሉኝ፣ ወደ እሳቱ እያዩ። «ቁመቷ አነሰ አሉ።»

ምሰሶውን ቀና ብዬ አየሁ። ምልክቱ ያለበት ቦታ ላይ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል ተሰቅሎበታል። እዚያ ለመድረስ መዝለሌ፣ አለመድረሴም ትዝ አለኝ። እውነታቸውን ነው፣ ማን ይደርሳል? በእነዚያ ሰዎች በጣም ተናደድኩ። ማታ የኔን ወተት ሳልጠጣ ወሰድኩላት።

«እትዬ፣ ጠጪው። ትረዝሚያለሽ።»

ኩባያውን ተቀብላ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ እስከ ጭላጩ ጠጣችው። ወተት እንደዚያ በዝግታ የጠጣ ሰው አላየሁም። እስኪሰለቸኝ ድረስ ለብዙ ቀናት አመጣሁላት፤ አንድ ቀን እንኳ «ይቅር» አላለችኝም።

በቀጣዩ ዓርብ ወደ ሜዳው አልወጣንም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ጻፈችልን። ናሁሰናይ «መምህርት፣ ዛሬ አንበርም?» አላት። «ዛሬ የሰባት ብዜት ነው» አለችው። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ አንድ የምናባዛው ነገር አይጠፋም። እኔ ማፈሯ ነው ብዬ አሰብኩ። ለማንም አልነገርኩም፤ ግን ምስኪን አክስቴ ብዬ አዘንኩላት። ልጅ ሆነው ለትልቅ ሰው ማዘን ያኮራል።

ስጎረምስ ማሩ ምን እንደነበረ ገባኝ። በኛ አገር ጣት በማር ነክሮ ማጥባት የጡት ልጅ ማድረግ ነው፤ ከማኅፀን ልጅ አይለይም። ስለዚህ እትዬ በወግ እናቴ ናት። ሊበን ተድሬ ያልቀረሁት፣ የተማርኩት፣ መምህር የሆንኩት በዚያ ጣት ነው። ይህን ዐውቄ አመስግኛታለሁም። ግን ነገሩን በራሴ ቅደም ተከተል ነበር ያስቀመጥኩት። ቁመቷ አነሰ፣ መብረሩ ቀረ፣ ብቻዋን ሆነች፣ እኔን ወሰደች። የሷ መጽናኛ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው። እንዲያውም፣ ልዋሽ ካላልኩ በቀር፣ ውለታ የዋልኩላት ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህም ቀለድኩ። ለተማሪዎቼ የመብረርን ታሪክ ስነግር በመጨረሻ «የኔም አክስት ልትበር ነበር፤ ግን ይህን ታክል አነሰች» እያልኩ በጣቶቼ አሳያለሁ። ልጆቹ ይሥቃሉ። እውነት ለመናገር እትዬ አጠገቤ ስትቆም አጭር ትመስላለች፤ እኔ የወጣሁት በአባቴ ወገን ነው፣ ሁሉም እንደ ባሕር ዛፍ ናቸው። ከእኔ ሌላ ከማን ጋር ላስተያያት?

አያቴ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ዘምሞ ነበር። ባለፈው ጥር አፍርሰን በብሎኬት ልንሠራው ተስማማን። እኔ ከፍኖተ ሰላም መጣሁ። ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ምሰሶው ብቻውን ሲቀር እትዬ የመድኃኔ ዓለምን ሥዕል አወረደች፤ ተሳልማ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው። ከሥዕሉ በስተኋላ ምልክቱ እንዳለ ነበር። የቢላው ፍቅታ ጠቁሯል እንጂ አልጠፋም።

«የዚያን ቀን ምልክት» አልኩ እየሣቅኩ። «ነይ ቁሚበት፣ ስንት እንደጎደለሽ ዛሬ ይለይ።»

«ተይው» አለች።

«ነይ እንጂ።» ክንዷን ይዤ ሳብኳት። ልትሥቅ ሞክራ ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች። ጫማ አላደረገችም።

ምልክቱ ቅንድቧ ላይ ነው።

መጀመሪያ መሬቱ የተደለደለ መስሎኝ እግሯ ሥር አየሁ። ወለሉ እንደ ጥንቱ ነው። እጄን ምልክቱ ላይ አሳርፌ እንደገና አየሁ። ከእጄ በላይ ግንባሯ አለ፤ ከግንባሯ በላይ ሸበት ያለው ጸጉሯ።

«እትዬ፣ አልፈሽዋል» አልኩ።

«አልፌዋለሁ።»

«እንግዲያ ቁመቷ አነሰ ያለው ማን ነው?»

«አባባ ናቸው» አለች። «ሌላ ምን ይበሉሽ? ለሕፃን በአንቺ ምክንያት ቀረች ይባላል?»

ደጅ በወጣው ፍራሽ ላይ ተቀመጠችና እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነገረችኝ። ያን እሑድ ተስፋው፣ እናት ለሌላት ልጅ የአባቷ ወገን ይቀድማል ብሎ ተከራከረ። አያቴ እኔ አለሁ ሲሉት፣ አንቱማ ሽማግሌ ነዎት፣ ነገ ቢያልፉስ አላቸው። እትዬ እኔ አለሁ አለች። አንቺማ ለአዲስ አበባ ሳጥንሽን ጠርቅመሻል፣ ለማን ትተሻት ነው አላት። አባ ኪዳነ ማርያም ሁለቱን ሰምተው፣ ጡት የሰጠ ከልጁ አይርቅም፤ ወይ ሂጂ፣ ወይ እናቷ ሁኚ፣ ሁለቱ አይሆንም ብለው ፈረዱ። ያ ረጅም ዝምታ የእሷ ዝምታ ነበር። ከዝምታው ቀጥሎ ወደ ጓዳ ገባች።

«ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል?» አልኳት።

«ሁሉም ያውቃል።»

በሠርግ ቤት ስቀልድ አብረውኝ የሣቁትን ሴቶች አሰብኩ። ለካ ከሣቁ በኋላ ሁሌ ወደ እሷ ዞር ብለው ያዩ ነበር። ቡሬ በሙሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልቆጥርባትም ብዬ ምያለሁ። አንቺ ፊት አይደል የማልሁት?» አለች። አውራ ጣቷን በሌላው እጇ አሸት አደረገችው። «ደግሞ ነክሰሽኛል።»

ሁለታችንም ለመሣቅ ሞከርን። እኔ አልሆነልኝም። «ይቆጭሻል?» አልኳት፤ አይቆጨኝም እንድትለኝ ፈልጌ ነው የጠየቅኋት።

«ይቆጨኛል» አለች። «አይቆጨኝም ብልሽ እዋሻለሁ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ማለት እስክተው ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ግን ያ እሑድ ተመልሶ ቢመጣ ማሩን አመጣለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ልጄ።»

ይህን ጊዜ ሰው የሚያደርገውን የሞኝ ነገር አደረግኩ። ከባህር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን እወስድሻለሁ አልኳት። በመስኮቱ በኩል ትቀመጫለሽ፣ ዓባይን ከላይ ታይዋለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ። ብዙ አወራሁ። እትዬ እስክጨርስ ታገሠችኝ፤ ያኔ ክፍል ውስጥ ስሳሳት እንደምትጠብቀኝ።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አለች። «እንደዚያማ በጉም ወጥቷል።»

ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋችና ለአናጢዎቹ ምሰሶውን እንዲነቅሉ ነገረቻቸው። ምልክቱ ያለበትን ቁራጭ ቆርጬ ልውሰድ ብዬ ነበር። አፌን የፈታሁት ግን ተጋዞ ለማገር ከዋለ በኋላ ነው።

አሁንም ዓርብ ዓርብ ልጆቹን ሜዳ አወጣቸዋለሁ። ስለ በጉ፣ ስለ ሳይክል ጠጋኞቹ፣ ስለ ጥጥ ለቃሚዋ ልጅ እነግራቸዋለሁ። በቀደም አንዲት ተማሪዬ «መምህርት፣ የአጭሯን አክስትዎን አልነገሩንም እኮ» አለችኝ።

«አጭር አይደለችም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን አልበረረችም?»

ክፍሉ በሙሉ ያየኛል። መልሱን ዐውቀዋለሁ፤ ከፊታቸው የቆመው መልሱ ነው። «በሉ ተነሡ» አልኳቸው፣ «አንድ ሰው ይሩጥ።»

ያቺው ልጅ እጇን ዘርግታ ሮጠች። ጸሎቱን እኔ ነኝ የማስጀምራቸው። ልጆቹ መፍጠን ይፈልጋሉ፤ እኔ ቃሉን አንድ በአንድ እጎትተዋለሁ። «መምህርት፣ አስረዘሙት» ብለው ያጉረመርማሉ። ልጅቱ ሜዳውን አጋምሳ አልፋለች፣ እጇም አልታጠፈም። «በከመ በሰማይ» አልኩና ቆም አልኩ።